የክስ ዕቁብ

የወልቂጤ ሰው የፍርድ ቤት ክፍያ ሊጨምር ነው ብሎ ሲያማርር፣ እኔ በሆዴ «ለሚካሰስ ይጨምር!» እል ነበር። እኔንም ለፍርድ ቤቱ የክፍያ መስኮት ያበቃኝ ጎረቤቴ ሱሩር ነው። የጨርቅ ሱቁ አሸንዳ ውሃውን የሚያፈሰው የእኔ የእንጨት ሥራ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። በዚህ ክረምት ግድግዳው አብጦ ሊወድቅ ደረሰ። ደጋግሜ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። በቃ፣ ልከሰው ሄድኩ።

ጸሐፊዋ «አዲሱ ሕግ ጸድቋል» ብላ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ክፍያ አሳየችኝ።

«በዚህ ብር ግድግዳውን አፍርሼ እሠራበታለሁ!» ብዬ ስዞር፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሱሩር!

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«አንተን ልከስ ነዋ! የመጋዝህ ብናኝ ጨርቄን ጨረሰው እኮ!»

ከዚያ ክፍያውን አየና ደነገጠ። «ወላሂ ይኼማ ግፍ ነው!»

ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ታርቀን ልንመለስ ነው ብዬ ሳስብ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ስማኝ፣ ለየብቻ ከምንከስር ዕቁብ እንግባ። በየወሩ ግማሽ ግማሽ እናዋጣና ዕጣ የወጣለት ይክሰስ።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ፤ አዋጣሁ። ጸሐፊዋ ስማችንን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ጠቀለለችና አንዱን አነሳች። ሱሩር!

በገዛ ገንዘቤ ተከሳሽ ሆኜ ደርቄ ስቀር፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ወር ትከሰኛለህ።»