ጥርሷ የወለቀ ካሴት

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። የሚያውቅ ሰው ፊደሉን ቢያርምልኝ አልቀየምም፤ ነገሩን ግን አይለውጥብኝ።

ነገሩ የቪዲዮ ካሴት ነው። ምን ዓይነት ካሴት ነው ቤት ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው? በዚህ ጉዳይ በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ስንት እሑድ እንደተጨቃጨቅን እግዜር ይወቀው። እሱ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ከድሬዳዋ ሲመለስ ካሴት በኮቱ ውስጥ ሸሽጎ ያመጣል። እኔ በያጅ ነበርኩ። ለአንድ ነጋዴ የመስኮት ፍርግርግ ሠርቼለት በምትኩ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ ሰጠኝ፤ ቴሌቪዥኑን ደግሞ ባለቤቴ ከወንድሟ አግኝታ ነበር። ዴኩ እኔ ዘንድ ስለሆነ የእሱም የእኔም ካሴት እኔ ቤት ተደረደረ። ከተረፈኝ ብረት መደርደሪያ በየድኩለት፤ የእሱ ከላይ፣ የእኔ ከታች።

የወዳጄ እምነት አንድ ነው፤ ያልተነካ። ካሴት ማለት ኦሪጅናል ነው ይላል። ሣጥኑ ሥዕል ያለበት፣ ክሩ ያልተጨማደደ፣ ላስቲኩን ራሱ የቀደደው። ላስቲኩን የሚቀድደው በጥፍሩ ቀስ ብሎ ነው፤ ከዚያ አፍንጫውን ያስጠጋና ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ምን ምን እንደሚለው አላውቅም፤ ለእኔ ላስቲክ ላስቲክ ነው የሚሸተው።

ኦሪጅናል መሆኗን የሚያረጋግጠው በጥርሷ ነው። ካሴት ከጀርባዋ በኩል ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አላት። ጥርሷ ካለ ዴኩ ሌላ ነገር ይቀዳባታል። ኦሪጅናሏ ግን ከፋብሪካ ስትመጣ ጥርሷ ወልቆ ነው፤ ማንም እንዳይቀዳባት። «ጥርሷ የወለቀ» ይላታል ወዳጄ፣ እንደ ሙሽራ እያሞገሰ።

የእኔዎቹ ግልባጭ ነበሩ፤ ከግልባጭ የተገለበጡ።

«አንተ በያጅ፣ ይህን ነገር ለምን አትጥለውም? ሥዕሉ ላይ በረዶ ይዘንባል እኮ።»

«ይዝነብ። ናዝሬት ላይ በረዶ ከየት ይገኛል?»

«አምስት እጅ የነካው ነው።»

«አምስት እጅ ነካው ማለት አምስት ቤት ወደደው ማለት ነው። ያንተዋን ማን ወደዳት?»

«እኔ!»

«አንተማ የምትወደው ሣጥኗን ነው።»

እንዲህ እንባባላለን። እሱ የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ ሲናደድ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፤ እኔም ስድቡን ለይቼ ስለማውቅ በዚያው እመልስለታለሁ። ባለቤቴ በመካከላችን ሆና ትስቃለች።

የዚያ ቤት እሑድ ከሰዓት ዛሬም በእንቅልፌ ይመጣል። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታግለው ጣሪያው ቋ፣ ቋ ይላል። ከቆላው በኩል አቧራ ያዘለ ነፋስ ይነሳና መጋረጃው እንደተኛ ሰው ደረት ይነፋል፣ ይወርዳል። በሩን ዘግተን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ስንቀመጥ ክፍሉ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ቴሌቪዥኑ ብቻ ያበራል። ሰማያዊው ብርሃን የሰዉ ፊት ላይ ይሄዳል፤ ባቡሩ ከጣቢያው ሲጮህ ድምፁ ከፊልሙ ይሁን ከደጅ ግራ ይገባናል። ቀበሌ፣ ሰልፍ፣ ኩፖን፣ ሁሉም ከብርድ ልብሱ ውጭ ቀርቷል። አንዳንዴ ፊልሙ አልቆ ማንም አይነሳም ነበር። ዝም ብለን በረዶውን እናያለን።

ፊልሙ የህንድ ነው። ቋንቋውን የሚያውቁት ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ልጅ ሆነው ኤደን ነው ያደጉት፣ የህንድ ነጋዴዎች ሰፈር። ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ይነግሩናል።

«ይሄ ጀልባ ቀዛፊ ነው። አሁን የተሳፈረችው እናቱ ናት፤ እሷ ግን ልጇ መሆኑን አታውቅም። ‹አንተ ልጅ፣ የት አውቅሃለሁ?› እያለችው ነው። እሱ ዝም። ወይ ልጄ፣ ተናገር እንጂ! አይናገርም። ወላሂ ኩራት ነው የያዘው።»

ወዳጄ ጣልቃ ይገባል። «አዴ፣ ይህን ሁሉ ተናገሩ እንዴ? ሴትዮዋ አፏን የከፈተችው አንዴ ነው እኮ።»

«ህንድ አጭር ተናግሮ ረጅም ነው የሚያስበው። አንተ ዝም በልና ስማ!»

ያቺ የጀልባዋ ፊልም የወዳጄ ኦሪጅናል ናት፣ ከሁሉም የምትበልጥበት። ባለቤቴም ከሁሉም እሷን ትወዳለች። በየሳምንቱ «የጀልባዋን» ትላለች፤ በየሳምንቱ ደግሞ ወንበሯን ወደ ፊት ትስባለች። ሙቀቱን ሽሽት ይሆናል ብዬ ነበር።

አንድ እሑድ ገባኝ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ወፍራም ሹም ከጀልባው ላይ ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ዝም አለች። አዴ «ወደቀልሽ፣ ቂጡን ይዞ ተነሳ» ሲሉ ነው የሳቀችው። ለካ ፊልሙን የምታየው በአዴ አፍ ነው።

ሰው ሲሄድ ጠየቅኳት። «አንቺ ሴትዮ፣ አይታይሽም እንዴ?»

«ይታየኛል» አለች። ወንበሯን ወደ ቦታው እየመለሰች ደግሞ፣ «ብርሃኑ ይታየኛል።»

አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ አንደኛው ዓይኗ አልቋል፣ ሁለተኛውም ይከተላል፣ መድኃኒት የለውም አለ። በአውቶቡስ ስንመለስ ሞጆ ላይ እጄን ያዘችና «ለማንም እንዳትናገር፤ ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም» አለችኝ። ቃል ሰጠሁ። እኔ ቃል ከሰጠሁ ሰጠሁ ነው።

ወር ሳይሞላ አዴ ወደ ድሬዳዋ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መሆኑን ነገሩን። እርጅና ነው፣ ልጅ ይጦረኝ አሉ። ባለቤቴ ምስር ስትለቅም ነበር፤ ጠጠሩን በጣቷ ነው የምትለየው። «በቃ፣ የእኔ ሲኒማ ቤት ተዘጋ» አለችና ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ እሑድ ሲመጣ ወንበሯን አልሳበችም።

እኔ መለመን አልችልም፣ ማባበልም አልችልም። የምችለው ብረት ነው፣ መሣሪያ ነው። ዴኩ ላይ ምን እንደምትሠራ የማላውቃት አንዲት ቀይ ቁልፍ ነበረች። ወደ ራዲዮ ጠጋኙ ሄጄ ጠየቅኩት። ማይክራፎን ሰክተህ እሷን ስትጫን የካሴቱ ድምፅ ይጠፋና ያንተ ድምፅ ይገባል፤ ሥዕሉ አይነካም፣ ስትለቃት የድሮው ድምፅ ይቀጥላል አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ቀይ ቁልፍ ሳልም አደርኩ።

ችግሩ የጀልባዋ ካሴት አንዲት ብቻ ናት፤ የወዳጄ። ለመገልበጥ ሁለት ዴክ ያስፈልጋል፣ እኛ ያለን አንድ። ቪዲዮ ቤት ወስደን እንዳናስገለብጥ፣ ያኔ ካሴት ይዞ መንገድ ላይ መታየት «ከየት አመጣኸው?» ያስብላል። ስለዚህ በራሷ በኦሪጅናሏ ላይ ነው መቅዳት ያለብን። ነገርኩት።

«አዴ እንዲያወሩባት? በኔ ካሴት ላይ?»

«ሥዕሉ አይነካም እኮ።»

«ድምፁስ? ዘፈኑስ?»

«አዴ ሲያወሩ ብቻ ነው የምጫነው። ዘፈን ሲመጣ እለቃለሁ።»

«አንተ? አንተ ስትበይድ እንኳ መቼ ማቆም እንዳለብህ አታውቅም! ጥርሷ የወለቀችው ለምን ይመስልሃል? እንዳትነካ ነው!» ብሎ ካሴቷን ከመደርደሪያው አወረዳት። በኋላ ረጋ አለና ጠየቀኝ። «ለምን ፈለግከው ግን? ምክንያት ንገረኝ።»

ቃሌ አፌን ያዘው። «ስለፈለግኩ ነው» አልኩት።

«እኔም ስላልፈለግኩ ነው።»

ካሴቱን በኮቱ አድርጎ ወጣ። ባለቤቴ ጓዳ ሆና ሰምታናለች። እኔም በሩን አይቼ ቀረሁ።

ወዳጄ ግን ያለ ዴክ መኖር አይችልም። በሳምንቱ እሑድ አኩርፎም ቢሆን መጣ፤ አዲስ ኦሪጅናል ይዟል። እኔን ሰላም ሳይል ወደ ባለቤቴ ሄደና ሣጥኑን እጇ ላይ አኖረላት።

«እህት ዓለም፣ አንቺ ፍረጂ። ባልሽማ ዓይን የለውም።»

እሷ ሣጥኑን ተቀበለች። ጣቷን በላዩ አሳለፈች። «ውይ ስታምር!» አለች። «ፊቷ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል።»

ሣጥኑን የያዘችው ገልብጣ ነበር። ሥዕሉም ሴት አልነበረም፤ ሪዙን ያሳደገ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰውዬ ነው።

ጣሪያው ቋ አለ። ወዳጄ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እጁን ዘርግቶ ሣጥኑን ቀስ አድርጎ ከእጇ ተቀበላትና «አዎ፣ ቆንጆ ናት» አለ። ከዚያ ተቀመጠ። ካሴቱን አልከፈተም። «አዴ መቼ ነው የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሐሙስ» አልኩት።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት የጀልባዋን ካሴትና አንድ ጥቅል ፕላስተር ይዞ መጣ። «ጥርስ ልናስተክልላት ነው» አለ። ወረቀት አጣጥፎ ጥርሷ የወለቀበትን ቀዳዳ ደፈነና ፕላስተሩን ራሱ ለጠፈው። እኔ ልርዳህ አላልኩትም።

ማይክራፎኑን ወንበር ጀርባ ላይ በሻሽ አሰርኩት። አዴ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ይህን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ዴኩ ሥር ተንበርክኬ ጣቴን ቀዩ ቁልፍ ላይ አደረግኩ። ሲያወሩ እጫናለሁ፤ ዘፈን ሊመጣ ሲል ወዳጄ ትከሻዬን መታ ያደርገኛል፣ እለቃለሁ። አዴ ያን ቀን ያወሩት ሌላ ጊዜ አውርተው አያውቁም። ወንዙ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ የመቅዘፊያው ጫፍ እንዴት እንዳለቀ፣ እናትየዋ ሻሿን በየትኛው እጇ እንደያዘች ሁሉ ተናገሩ። ለእሷ መሆኑን ማን ነገራቸው? አላውቅም። ምናልባት ከኛ ሁሉ በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው።

አንዴ ብቻ ተሳሳትኩ። የባለቤቴን ፊት እያየሁ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ በወንዙ ላይ የምትሄድ ትመስል ነበር። ትከሻዬን ሲመታኝ አልሰማሁም። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ጠፋ። በምትኩ የተቀዳው የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው፣ የቆርቆሮው ነፋስ ነው፣ የአዴ አምባር ነው፣ «ዘፈኑ ቆመ እንዴ?» የምትለው ባለቤቴ ናት፣ ከዚያ ወዳጄ፦ «ልቀቅ! አንተ ደንቆሮ፣ ዘፈኑን በላኸው!»

በማግስቱ ወዳጄ አዴን በራሱ ባቡር፣ ጥላ በሚሆነው በኩል አስቀምጦ ወሰዳቸው።

ካሴቷ እኛ ዘንድ ቀረች። ባለቤቴ ሁለተኛው ዓይኗም ሲሄድ ደጋግማ ሰማቻት። አውራ ዶሮው ሲጮህ ትስቃለች፤ «ደንቆሮ» ሲል አብራ «ደንቆሮ» ትላለች። ወዳጄ ያቺ ካሴት ተበላሽታለች ይላል፤ ከአንገቱ ይሁን ከአንጀቱ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ካየሁት ካሴት ሁሉ ሊቀመጥ የሚገባው ያ ብቻ ነው እላለሁ። በዚህ ተስማምተን አናውቅም።

አንድ እሑድ ግን ባለቤቴ «ሌላ ክፈት» አለች።

«የሚነግርሽ የለም።»

«አንተ አለህ።»

«እኔ ህንድኛ አላውቅም።»

«እኔ መቼ ህንድኛ አልኩህ? የምታየውን ንገረኝ።» ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች።

ካሴቱን ከተትኩ። ወዳጄ ከኋላዬ ተቀምጦ ጉድ ሊያይ ነው። ሥዕሉ መጣ።

«ሰውዬ ገባ» አልኩ።

«እሺ።»

«ተቀመጠ።»

«እንዴት ተቀመጠ?»

«ወንበር ላይ ነዋ!»

ወዳጄ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። «ተናዶ ነው የተቀመጠው ወይስ ደክሞት?» አለችኝ።

ሰውዬውን አየሁት። ሰው ሲቀመጥ እንዲያ አድርጌ አይቼ አላውቅም ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ ትከሻው ወርዷል፣ አንገቱ ግን ቀጥ ብሏል።

«ደክሞታል» አልኳት። «ግን እንዲታወቅበት አይፈልግም።»

«እሺ» አለች። «ከዚያስ?»