«አይነሡ» የተባሉ ጉልበቶች

መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን ላሊበላ ብርድ ነበር። የሆስፒታሉ ማትሮን፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ቁልፍ ይዘው ከፊቴ ሄዱና አንድ ክፍል ከፈቱልኝ። ድሮ ዕቃ ቤት እንደነበረ ሽታው ይናገራል። ውስጡ አንድ የእንጨት አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ መሰላል፣ ታካሚ ይዟቸው የሚራመድ ሁለት ብረቶች፣ እግር ላይ የሚታሰሩ የአሸዋ ከረጢቶችና ፔዳሉ የወለቀ ብስክሌት ነበሩ። «ፊዚዮቴራፒ ማለት ይኸው ነው» አሉኝ። «የሚመጣብሽ ብዙው ጉልበት ነው፤ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ታገሽ።»

የመጀመሪያ ታካሚዬ ከሙጃ የመጡ እናት ነበሩ። ጉልበታቸውን ዳስሼ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ «እስቲ በእጅዎ ሳይደገፉ ይነሡ» አልኋቸው። ክፍሉን ዙሪያውን አማተሩና «መርፌው የታለ?» አሉ። መርፌ እንደሌለኝ ስነግራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በማግሥቱ ማትሮኗ ጠሩኝ። «አሞኝ ብሄድ ተነሽ ተቀመጭ ትለኛለች፣ ወታደር ልታደርገኝ ነው ወይ ብለው ከስሰውሻል» አሉኝ። ሳቃቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

ያ ክፍል እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ ሞልቶ ይጨናነቅ ነበር። ሴቶቹ ዕቃቸውን በር ላይ ትተው ይገቡና፣ አሸዋውን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሳስርላቸው «የቀረን ሸክም ይኼ ብቻ ነበር» እየተባባሉ ይስቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቁልቁል ወርደው ውኃ፣ ዳገት ወጥተው እንጨት የተሸከሙ ጉልበቶች ናቸው። በመገጣጠሚያው ያለው ልስልስ አጥንት ሳስቶ፣ ሲታጠፉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻሉ። ይህን ራጁም ያሳያል። ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ደጅ ደርሶ መመለስ መቻሉን በብዛት የሚወስነው ግን ከጉልበቱ በላይ ያለው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱን በእጅ ዳስሰን ነው የምናገኘው።

እመት ደብሬን ልጃቸው ትርንጎ በበቅሎ አምጥታቸው ተዋወቅን። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንደበታቸው የተባ እናት ነበሩ። ጉልበታቸው ትንሽ አብጧል። ጭናቸውን ስይዘው ግን እንደ ሊጥ ላላብኝ።

«ደሴ ያለው ልጄ ሊወስደኝ ነው» አሉኝ። «ራሷ ተነሥታ ደጅ ወጥታ ከገባች ትቀመጥ፣ ያለዚያ ለፋሲካ መጥቼ ይዣት እሄዳለሁ ብሏል።»

«ደሴ ምን አላት እመት? ሐኪሙም እዚያ ይበዛል።»

«እዚያ ማን ያውቀኛል? ባሌ የተቀበረው እዚህ፣ ዕድሬ እዚህ። ልጄስ ደግ ነው፤ እንግዳ ሆኜ መሞቱን ግን አልፈልገውም።»

ተቀምጠው እግራቸውን እንዲዘረጉ፣ ከመቀመጫ እየተነሡ እንዲቀመጡ አሳየኋቸው። ሳምንታት አለፉ፤ ጭናቸው ያው ነው። «ይሠራሉ?» ስል እመት «እሠራለሁ» ይላሉ፣ ትርንጎ ጣራ ጣራውን ታያለች። ቤታቸው ሄጄ ላየው ወሰንሁ።

በአገራችን እንግዳ ሲገባ የተቀመጠው ይነሣና «ኖር!» ይላል፤ እንግዳው ደግሞ «በእግዜር፣ አይነሡ» ብሎ ያስቀምጣል። እመት ደብሬ ሲያዩኝ መደቡን ተደግፈው ሊነሡ ሲሉ ትርንጎ ትከሻቸውን፣ አንዷ ጎረቤት ክንዳቸውን ያዙና ባንድ አፍ «አይነሡ!» አሉ። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። ሌላ ሰው ገባ፤ «አይነሡ!» የነፍስ አባታቸው ገቡ፤ እሳቸውም «አይነሡ!» ውኃው ይቀርብላቸዋል፣ እግራቸው ይታጠብላቸዋል፣ ፖፖው ሳይቀር አጠገባቸው ነው። ጭናቸውን ያሟሟው የልጅና የጎረቤት አክብሮት ነበር።

«ትርንጎ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አይነሡ የሚል ሰው አይኑር» አልኋት። «በበሩ ለሚገባ ሁሉ ይነሣሉ። መድኃኒታቸው ይኼ ነው።»

«ኧረ በእመቤቴ! እናቴን ለመንደር ጎረምሳ ሁሉ አስነሥቼ ሰው ምን ይለኛል?»

እመት ደብሬ ሳቁ። «እሽ በያት። ደሴ ስሄድስ ሰው ምን ሊልሽ ኖሯል?»

መደቡ ዝቅ ያለ ስለነበር ጋቢ አጣጥፈን ከፍ አደረግነው፤ ጭናቸው ሲበረታ እጥፋቱን እየቀነስን እንሄዳለን። ለደጃፉ ደረጃ ደግሞ «ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው» አልኋቸው። ሕመሙ በማግሥቱ ከበረደ ይቀጥላሉ፤ ጉልበቱ ካበጠ ቀነስ ያደርጋሉ።

ያላሰብሁት ነገር መጣ። ትልቅ ሰው ማስነሣት ነውር ነውና ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ «እንደምን ዋሉ» እያለ መመለስ ጀመረ። በሌላ ሳምንት ስሄድ ቤቱ ጭር ብሏል። «ደሴን እዚሁ አመጣሽብኝ እኮ!» አሉኝ እመት ደብሬ ከፍቷቸው። ፋሲካ እየቀረበ ነው።

መላውን ያገኙት እመት ደብሬ ራሳቸው ናቸው። ለዕድራቸው ሴቶች «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ትሉ የለ? እንግዲያ ግቡና አክሙኝ» ብለው ላኩባቸው። ሴቶቹ ጎረፉ። አንዷማ ገብታ ትወጣና ነጠላዋን ገልብጣ እንደ አዲስ እንግዳ ትመለሳለች። «ኖር!» «በእግዜር!» ሳቁ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የሚያስደስት ሕክምና አላየሁም። የጋቢውም እጥፋት አለቀ።

ልጃቸው አስፋው የፋሲካ ሰሞን ከደሴ መጣ። ትርንጎ አስቀድማ ነግራኝ እኔም እዚያው ነበርሁ። አጎንብሶ በበሩ ሲገባ እመት ደብሬ ምንም ሳይደገፉ ተነሡና «ኖር!» አሉት።

አስፋው ደነገጠ። እናት ለልጇ ስትነሣ ማን አይቶ ያውቃል? «እማ! ምን በደልሁሽ? ለኔ ትነሻለሽ?» ብሎ ሊያስቀምጣቸው ተንደረደረ።

እጁን መለሱት። «መነሣቴን እንድታይ ነው። አሁን ዘወር በል፣ መንገድ ልቀቅ።»

በአጠገቡ አልፈው ወጡ። የታመመውን እግር አስቀድመው ደረጃውን ወረዱ፣ ግቢውን አቋርጠው ከጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ሄዱ። ትርንጎ ነጠላዋን ነክሳ ቀረች እንጂ አልተከተለችም።

«ሲስተር፣ ጉልበቷ ዳነ ማለት ነው?» አለኝ አስፋው።

«አልዳነም። ያለቀው አጥንት አይመለስም። የበረታው ጭናቸው ነው።»

«ስለዚህ አሁንም ያማታል?»

«ያማቸዋል።»

«ታዲያ ምን ተረፋት?»

እመት ደብሬ ደረጃውን ወጥተው በሩ ላይ ደርሰው ኖሯል። «አሞኝም ቤቴ ነኝ» አሉት።

አስፋው ፋሲካን ውሎ ብቻውን ወደ ደሴ ተመለሰ። እመት ደብሬ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረው በዚያው ቤት አረፉ፤ ባላቸው አጠገብም ተቀበሩ።

በሥራው ለተተካችሁ ልጆች የምለው አጭር ነው። ጉልበቴን አሞኛል ያለች ሴት ስትመጣ ጭኗንም ዳስሱ። ከዚያ ቤቷ ሂዱና እንዳትነሣ የሚይዛት ማን እንደሆነ እዩ።