ዕጣው ለእናቴ ብቻ ሲወጣ

ማን ለመናቸው? እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ፕሮግራም የምጽፍበትን ቋንቋ የሚሠሩት ሰዎች አዲስ እትም ባወጡ ቁጥር እዚህ ፈላና በር በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጣላ የሚነግራቸው የለም።

በእኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ አይናገር፣ ሲሄድ አይሰናበት። ስለዚህ ቦኖው ጋ ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ በዕጣ ነበር የምንለየው፤ ኋላ የቀረ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይመለሳላ! በተጠቀለለ ወረቀት ስናወጣ "የራሷን ወረቀት ጠርዙን አጥፋዋለች" የሚል ጭቅጭቅ አላባራ ሲል እናቴ "ልጄ በኮምፒዩተር ያወጣላችኋል፤ ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም" ብላ ቃል ገባች። እኔን ማን ጠየቀኝ?

የየቤቱን ስም ዲክሽነሪ በሚባለው የዳታ ዓይነት ውስጥ ከተትኩ። የዚያን ጊዜው ዲክሽነሪ ስም ይይዛል እንጂ ተራ አያውቅም ነበር፤ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ስሞቹን እንዳሻው አዘበራርቆ ያወጣቸዋል። ሌላው ቢያማርርበትም ለእኔ ጥሩ ዕጣ ሆነልኝ። ሰፈሩም ተገላገለ።

ከዚያ ኮምፒዩተሬን አሳደስኩ፣ ቋንቋውም አብሮ ታደሰ። በአዲሱ እትም ዲክሽነሪ መጀመሪያ ያስገቡበትን መጀመሪያ ያወጣል። እሰይ! እስከዛሬ የማንን ጎፈሬ ሲያበጥሩ ነበር? እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያስገባሁት የእናቴን ስም ነው፤ ታዲያ የማንን ላስገባ? ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ውሃ በመጣ ቁጥር አንደኛ እሷ ሆነች።

ቦኖው ጋ ስትደርስ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ እናቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሴትዮ ሳይቀሩ እሷ እየሰማች "ወላሂ፣ ዕድል እንዲህ አንድ ቤት አይከርምም" አሉ። እናቴ ቤት ገብታ አለቀሰች። "በስተርጅናዬ ሌባ አሰኘኸኝ" አለችኝ።

ሮጬ ሴትዮዋ ዘንድ ሄድኩ። ዲክሽነሪ፣ እትም፣ ተራ እያልኩ አፌ እስኪደርቅ አስረዳኋቸው።

"ሱብሃነላህ! ታዲያ ያ ዕቃህ የሚያስታውሰው እናትህን ብቻ ነው?" አሉኝ።

በንዴት ፕሮግራሙን አፍርሼ ስሞቹን እንደ ካርታ የሚበውዝ አድርጌ ጻፍኩት። ውሃ ሲመጣ ላፕቶፔን ተሸክሜ ቦኖው ጋ ሄድኩና ሰው ሁሉ እያየ ዕጣውን አወጣሁ። አንደኛ፣ እናቴ። ያውም በእውነተኛ ዕጣ! ላፕቶፑን ከግንቡ ጋር ባላትመው ደስ ባለኝ።

እናቴ ጀሪካኗን አንስታ ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች።

"እማዬ፣ የዛሬው እኮ እውነት ነው!"

"አውቃለሁ። ዝም በል።"

እሷ ጋ ሳይደርስ ውሃው ሄደ። ባዶዋን ስትመለስ ሴትዮዋ ከኋላዋ ደረሱባትና ከራሳቸው ጀሪካን እኩሌታውን ገለበጡላት። "ነይ እስቲ፣ እኛን ምን ያኮራርፈናል" ብለው እጇን ያዟት። ተያይዘው እየሳቁ ገቡ፤ ሳምንት ሙሉ ከዚህ መዘዝ ጋር ስታገል የከረምኩትን እኔን ዞር ብሎ ያየኝ የለም።