ሁለተኛው ጆስቲክ

ሰሞኑን አንድ የመቻራ ቡና ነጋዴ አሮጌ ቴሌቪዥኑን በአይሱዙ ጭኖ ቺሮ ድረስ መጣና ሱቄ በር ላይ አወረደው። ለሁለት ተሸክመው ያስገቡት፣ ኋላው እንደ ደረሰች እርጉዝ የተነፋ፣ አናቱ ላይ የዳንቴሉ ቅርጽ በአቧራ የታተመበት ቴሌቪዥን ነው። «ይሄን ያዝና ከነዚህ ቀጫጮች አንዱን ስጠኝ፤ ልጆቼ ጌም አልታይ አላቸው» አለኝ። አሮጌ አልቀበልም ብዬ ወዲያው መመለስ ነበረብኝ። ሰውየው ግን ቀደመኝና «ይሠራል እኮ!» ብሎ ሶኬቱን ሰካው። መጀመሪያ ጭው የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የተበተነ የሚመስል ጫጫታ፣ ከዚያ የሞቀ አቧራ ሽታ። ይህን ሽታ ሌላው የዘመኔ ሰው ቢያሸተው ልጅነቱ ይናፍቀዋል። እኔ ቀናሁ። እውነቴን ነው፣ ሱቄ ውስጥ በቴሌቪዥን ተከብቤ ቆሜ፣ እንደ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀናሁ።

ከተማችንን ቺሮን ሁሉም አሰበ ተፈሪ እያለ በሚጠራበት ዘመን፣ በእኛ ሰፈር ሰው የሚለየው በሃይማኖትም በቋንቋም አልነበረም። ባለ ከለርና ባለ ጥቁርና ነጭ ተብሎ ነበር የሚለየው። እኛ ጥቁርና ነጭ ነበርን። አባቴ ከከተማው ከተዛወረ አስተማሪ ላይ የገዛት ቴሌቪዥን ማዞሪያዋ ተሰብሮ በፒንሳ ነበር የምትዞረው። ምስሏ ሲንቀጠቀጥ ጎኗን በጥፊ እንላታለን። በቤታችን ከእኔ ቀጥሎ ብዙ ጥፊ የቀመሰች እሷ ናት።

የፉአድ ቤት ግን ከለር ነበር፤ ያውም ሃያ አንድ ኢንች። ፉአድ የክፍሌ ልጅና የልብ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ጫት ወደ ድሬዳዋ ይጭናሉ፤ ከድሬዳዋ ደግሞ አጎቱ አንድ ቀን ቲቪ ጌም ይዞለት መጣ። ቀይና ነጭ ፕላስቲክ፣ ከላይ የሚሰካ ካሴት፣ ሁለት ጆስቲክ። ካሴቱ እምቢ ካለ ይነቀልና ታችኛው ከንፈሩን እፍ ይባላል። የምንወደው የታንክ ጨዋታ ነበር። አንዱ ታንክ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ከታች በጡብ የታጠረች ምሽግ አለች፤ ሁለቱ ተባብረው እሷን ከጠላት ይጠብቃሉ። ፉአድ ቢጫውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ እኔ በአረንጓዴው ምሽጉ ላይ እቆማለሁ። «ያዝልኝ ሀብቴ፣ ልውጣ!» ይለኛል። እይዝለታለሁ። በሕይወቴ ሙሉ እምነት ተጥሎብኝ የማውቀው ያኔ ነው።

በልጆቹ ዘንድ ሕጉ «የሞተ ይነሳ» ነበር። ከዚህ ሕግ በላይ ግን የፉአድ እናት የአዴ ሰዓዳ ሕግ ነበር፤ እንግዳ ቆሞ የቤት ልጅ አይጫወትም። ሆጃ፣ ያን የቡና ገለፈትና የወተት ትኩስ፣ በሲኒ ይዘው ብቅ ሲሉ አስቀድመው የሚያዩት ማን ጆስቲክ እንደያዘ ነው። «ፉአድ! ለሀብቴ ስጠው! እንግዳ ነው!» ይላሉ። ከእኛ ቤት እነሱ ቤት ድንጋይ ቢወረውሩ አልፎ ይሄዳል፤ ግን እንግዳ ነበርኩ። እንግድነቴንም እንደ ሥራ ነው የያዝኩት። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ አንኳኳለሁ። ደፉ ላይ ቆሜ «አሰላሙ አለይኩም» እላለሁ፤ የጴንጤ ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉና ደስ ይላቸዋል። ጫማዬን አውልቄ አስተካክዬ አስቀምጣለሁ። ሆጃውን ሁለቴ «ይበቃኛል» ሳልል አልቀበልም። አንድ ቀን ተዝናንቼ እግሬን ከዘረጋሁ የቤት ልጅ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ እፈራ ነበር። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረም።

ከዚያ ሳምሶን መጣ። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ከድሬዳዋ ተዛውሮ ነው፤ የቤት ዕቃቸው ገና በመኪና አልደረሰም ነበር። ረጅም ልጅ ነው፤ በአዘቦት ቀን ካልሲ ያደርጋል። ፉአድ ከትምህርት ቤት ይዞት መጣ። እኔ አረንጓዴውን ይዤ ምሽጉ ላይ ቆሜአለሁ። አዴ ሰዓዳ ብቅ አሉ፣ ልጁን አዩት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሀብቴ፣ ተነስለት አቦ። እሱ እንግዳ ነው። አንተማ የቤት ልጅ ነህ።»

ሹመት ይሁን ሽረት ሳይገባኝ ተነሳሁ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም መዳብ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ መዳብ ሲሆን ሰውየው ራሱ እንደማያውቅ ግን ማንም አልነገረኝም። መቼም ይሞታል፣ ሲሞት እቀመጣለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ሳምሶን አልሞተም። ድሬዳዋ ሳለ በቤቱ ጌም ነበረው። ፉአድ እንደዚያ ስቆ አይቼው አላውቅም። «ወላሂ ዓይን አለው ይሄ ልጅ!» እያለ ትከሻውን ይመታዋል። እኔ ከኋላቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጫለሁ። ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ላይ ምን እንደታየ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ያየሁት ሁለት ማጅራት ነው፣ ጎን ለጎን። በሦስተኛው ሳምንት ፉአድ «ያዝልኝ ሳሚ፣ ልውጣ!» ሲል ሰማሁ። የእኔ ቃል ነበር እኮ።

በዚያ ዘመን «ጌም ቴሌቪዥን ያቃጥላል» ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ማን እንዳለው የማይታወቅ ነገር ሁሉ እውነት ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፉአድና ሳምሶን ተጫውተው ከመውጣታቸው፣ አዴ ሰዓዳ ለባለቤታቸው የጫት በርጫ ፍራሽ ሲያነጥፉና ትራስ ሲደረድሩ አገኘኋቸው።

«አዴ ሰዓዳ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ነክተውት ያውቃሉ?»

«ምን ሆነ ልጄ?»

«ኧረ ምንም። እንዲሁ ነው።»

እጃቸውን ከኋላው አሳረፉና መልሰው ሳቡት። «ያ ረቢ! ይሄማ ትኩሳት ይዞታል!»

ማንኛውም ቴሌቪዥን በርቶ ሲቆይ ጀርባው ይሞቃል፤ ዜና ብቻ ቢያዩበትም ይሞቃል። አልዋሸሁም። እስከ ዛሬም ዕቃ የምሸጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብዙ አላወራም፣ ገዢው በገዛ እጁ ይንካ። የዚያኑ ቀን በፉአድ ቤት ጌም ታገደ።

ሒሳቤ እንዲህ ነበር። የሳምሶን ቤት ቴሌቪዥን ገና ድሬዳዋ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ብትቃጠልም የሚያዝንላት የለም። ስለዚህ ፉአድ ጌሙን ይዞ የትም አይሄድም፣ እኛ ቤት ይመጣል። እኛ ቤት ከመጣ ቤቱ የእኔ ነው፤ ቤቱ የእኔ ከሆነ ሁለተኛው ጆስቲክ የማን ሊሆን ነው?

በሦስተኛው ቀን መጡ። ፉአድ ጌሙን በፌስታል አንጠልጥሏል፣ ሳምሶን አዳፕተሩን ይዟል። ልቤ እንዴት እንደመታ! ሽቦውን ከአንቴናው ቦታ ሰካሁ፣ በፒንሳ ቻናሉን ፈለግሁ፣ ከብዙ ዝናብ መሰል ጭረት በኋላ ታንኮቹ ብቅ አሉ። ጆስቲኬን አንስቼ ተቀመጥኩ። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

እናቴ ስለ እንግዳ አቀባበል ከጀመረች ፓስተሩም አያስቆማትም። «አንተ! እንግዳ አቁመህ ትጫወታለህ?» አለችኝ።

«እማ፣ ቤቱ የኛ ነው እኮ!»

«ለሱ ነው የምልህ! ተነስ!»

ሁለት እንግዳ፣ ሁለት ጆስቲክ። በአዴ ሰዓዳ ቤት መዳብ ሆኜ ነበር፤ በገዛ ቤቴ ጭራሽ ባለቤት ሆንኩ። ይህን ያህል ተንኮል አስቤ ይህችን አንዲት ነገር እንዴት እንዳላሰብኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሕጉ በአዴ ሰዓዳ ቤት ብቻ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድርሻዬ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ተነስቼ ቴሌቪዥኗን በጥፊ ማለት ሆነ። ከአንጀቴ ነበር የምመታት።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ቢጫና አረንጓዴ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አመድ። ይደናገራሉ፣ ይመታታሉ፣ ይጣላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ለጥቂት ደቂቃ «ግራ ያለሁት እኔ ነኝ!» «አውቄሃለሁ፣ አትጩህ!» ተባባሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ተጫወቱ። ታንኩ ሲዞር፣ ሲያመነታ፣ ሲቸኩል አንዱ ሌላውን በአካሄዱ ለየው። በዚያች አመድ መስኮት ውስጥ ጓደኛን በአካሄድ መለየት! እናቴ ገበያ ስትወጣ ሳምሶን ራሱ ጆስቲኩን ያቀብለኛል። እኔ ግን መለየት አቃተኝ።

«አቦ ሀብቴ! እኔን እኮ ነው የምትመታው!» ይላል ፉአድ።

«ጠላት መስለኸኝ ነው።»

ሁለቴ በስህተት መታሁት። ሦስተኛውን አውቄ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የሳምሶን ቤት ዕቃ ደረሰ፤ ቴሌቪዥናቸው ከለር ነበር፣ አባቱም ስለ መቃጠል ሰምቶ አያውቅም። ጌሙ ወደዚያ ተዛወረ። ሁለቱም በራችን ላይ መጥተው «ና እንጂ፣ እንሂድ» አሉኝ። «ሥራ አለብኝ» አልኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በክረምት ዕረፍት፣ ምን ሥራ? በዚያ ቤት አዲሱ እንግዳ እኔ እንደምሆንና ጆስቲኩ በሕግ የእኔ እንደሚሆን የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ያን ክረምት በእነ ሳምሶን አጥር በኩል ለጨው ተልኬ ሳልፍ እርምጃዬን ዝግ አደርግ ነበር። ሳቃቸው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር።

አምና ፉአድ ሱቄ መጣ። ሰላም ነን፣ ሠርጉም ላይ ነበርኩ፤ ግን ያው፣ እንደ ከተማ ሰው ነው ሰላም የምንባባለው። ለልጁ አዲስ ጌም ገዝቶለት ኤችዲ ቴሌቪዥን ፈልጎ ነው። አንዱን ከፍቼ የኳስ ጌም አሳየሁት። የሣሩ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የተጫዋቹ ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ ይታያል። ፉአድ አፉን ከፍቶ አየና ስልኩን አወጣ።

«ሳሚ፣ አርባ ሦስቱን ልውሰድ ሃምሳውን?»

ሳምሶን አዲስ አበባ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቴሌቪዥን ስሸጥ የኖርኩት እኔ ፊቱ ቆሜአለሁ፣ ፉአድ የከብት ሐኪም ያማክራል! ደሜ ፈላ። ስልኩን እንደዘጋ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ያኔ ጌሙን ያስከለከልኩህ እኔ ነኝ። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ለእናትህ ያስነካኋቸው እኔ ነኝ።»

ፉአድ ሳቀ። «አውቃለሁ እኮ። የዛኑ ማታ ነገረችኝ። ‹ሀብቴ አዳነኝ፣ አላህ ይባርከው› ብላ።»

«አውቀህ ነው እኛ ቤት ያመጣኸው?»

«እኔማ ወላሂ ላናግርህም አልፈለግሁም ነበር። ሳሚ ነው። ‹ሁሌ ከኋላ ነው የምናስቀምጠው፣ ከፍቶት ነው፤ እሱ ጋ እንውሰደው› አለኝ። ሦስት ቀን ለመነኝ።»

ሃምሳውን ነው የወሰደው። ተሸክሜ መኪናው ድረስ አደረስኩለት።

አሁን የፉአድ ልጅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በር ዘግቶ፣ ፊቱን አይቶት ከማያውቀው ልጅ ጋር ይጫወታል አሉ። ጎረቤቱም እንደዚሁ፣ በየቤቱ፣ በየክፍሉ። ለእኔ ገበያ ነው፤ አንድ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ አላማርርም። ተራ የሚጠብቅ የለም፣ ተነስ የሚባል የለም፣ የሰው ማጅራት እያየ የሚውል የለም። ላቡ ሳይቀር ይታያል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ግን አይታወቅም። በእኛ አመድ ቴሌቪዥን ሁለት ልጆች በአካሄድ ይተዋወቁ ነበር፤ ቁጭቴ ከሁለቱ አንዱ እኔ አለመሆኔ ነው።

የሳምሶንን ስልክ ቁጥር ከፉአድ ተቀብያለሁ። እስካሁን አልደወልኩም። ያኔ በጨዋታው ነበር የቀናሁበት፤ አሁን በደግነቱ ነው። ጨዋታው እንኳ በልምምድ የሚደረስበት ነበር።