የጌታነሽ እሑዶች በአስታ ውሃ ዳር

አፈወርቅ በሩ ላይ ሲቆም እኔ ጓሮ ነጭ ሽንኩርት እየኮተኮትኩ ነበር። እሑድ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የባለቤቴን የጌታነሽን ጫማ ይዟል፤ ማሰሪያውን አንድ ላይ ቋጥሮታል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው።

«ጋሽ ተገኘ» አለና ጫማውን ዘረጋልኝ።

«የት ላይ?» አልኩት።

«ከወንዙ ወጥተን፣ መኪና መንገዱ ዳር። እግራቸውን ሊያደርቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሚኒባሱ ሲመጣ አልተነሱም።»

ጫማውን ተቀበልኩት። ደረቅ ነበር፤ በእጇ ይዛ ነው ውሃውን የተሻገረችው። እጄን ታጠብኩና አብሬው ወጣሁ።

ይህ የሆነው በጥቅምት 2006 ነው። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ መሐል ሜዳ ውስጥ፣ ጌታነሽን ወንዙ ገደላት ይባላል። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች እንኳ ንፍሮ እየዘገኑ፣ «በዚያ ዕድሜ ቤቷ ብትቀመጥ ምን ነበረበት» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ አልመለስኩላቸውም። አሁን እመልሳለሁ፤ ወንዙ አልገደላትም። ልቧ ደካማ እንደሆነ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ጀምሮ እናውቅ ነበር። ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝን ያህል ዓመት ብቻ ብትኖር ኖሮ 2001ን አታይም ነበር። አምስቱን ዓመት ተርፋ የኖረችው በእግሯ ነው።

ጌታነሽ የተወለደችው ዘመሮ አጠገብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በድሬሰርነት ሠርታለች። ቁስል አጥባለች፣ መርፌ ወግታለች፣ ወላድ አዋልዳለች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው የከተማ ሰዎች በዙባት፤ ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ ባለሱቆች። ለሁሉም የምትለው አንድ ነው፤ ተራመዱ። ማንም አይራመድም።

አንድ ቀን የፍርድ ቤቱን መዝገብ ያዥ አፈወርቅን ተቆጣችው። «እትዬ ጌታነሽ» አላት፣ «እሺ ልራመድ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ወዴት ነው ሲለኝ ምን እላለሁ?»

ማታ ይህን እየሳቀች ነገረችኝና መሳቋን ተወችው። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ይውላል፤ ግን ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ቀብር ነው የሚሄደው። በባዶ እጁ ወንዝ ለወንዝ የሚሄድ ሰው ወይ አእምሮው ተነክቷል፣ ወይ ሰው ይሰልላል።

በ1998 ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ራሷ ጀመረችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሞላሌ የሚሄደውን ሚኒባስ ትይዝና አስታ ውሃ ድልድይ ላይ ትወርዳለች። ከዚያ ወንዙን ይዛ ቁልቁል ነው። መንገዱ በአስታውና በቀጋው ቁጥቋጦ መካከል ጠባብ ነው፤ ውሃው አንዴ በግራ ይታያል፣ አንዴ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። ጋጋኖ የሚባለው ወፍ እየጮኸ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተሄደ በኋላ መኪና መንገዱ ዞሮ ወንዙን ያገኘዋል፤ እዚያ ቆሞ ከሞላሌ የሚመለሰውን መሳፈር ነው። ሕጓ አንድ ብቻ ነበር። ማንም ሰው ጆንያም፣ ጀሪካንም፣ መልእክትም ይዞ አይመጣም። ለመራመድ የመጣ ሰው ለመራመድ ብቻ ነው የሚመጣው።

የሚኒባሱ ረዳት ናሁሰናይ ድልድዩ ጋ ሲደርስ በሩን ደብደብ እያደረገ «የሥራ ፈቶች ወራጅ አለ!» ይላል።

«ሥራ ፈትስ አንተ ነህ» ትለዋለች። «ቀኑን ሙሉ በር ይዘህ ትቆማለህ።»

«ቆሜም ቢሆን ሞላሌ እደርሳለሁ እትዬ። እናንተ ተራምዳችሁ የት ደረሳችሁ?»

ተሳፋሪው ይስቃል፤ እሷም ስቃ ትወርዳለች። መጀመሪያ እሷና አፈወርቅ ብቻ ነበሩ። ሰው ሥራ ፈቶች እያለ ሲያማቸው፣ አፉን ለመዝጋት ብላ ሳይሆን ሐሜተኞቹንም ጭምር ጠራቻቸው፤ ሁለቱ መጡ። በ2000 ዘጠኝ ሆኑ። የአፈወርቅ ስኳር ወረደ። አላምንም የሚል ሰው ካለ የምርመራ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ያሳያል።

በ2001 መስከረም ላይ መንገዱ ተዘጋ። ገደሉና አንድ የገብስ ማሳ የሚገናኙበት ጠባብ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ እስከ ደረት የሚደርስ የእሾህ ክምር አገኙ። ባለማሳው ገብረየሱስ ከእሾሁ ወዲያ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። የተናገሩትን አፈወርቅ ቃል በቃል ነግሮኛል።

«እንዴት ዋሉ አያ ገብረየሱስ» አለች ጌታነሽ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወዴት ነው?»

«የትም። ወንዙን ይዘን እንራመዳለን።»

«ምን ፈልጋችሁ?»

«ምንም።»

«ምንም የማይፈልግ ሰው ከመሐል ሜዳ ተሳፍሮ አይመጣም። ሦስት ዓመት አየኋችሁ። ትቆማላችሁ፣ በጣት ትጠቁማላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። የዚያን ጊዜዎቹም እንዲሁ በእሑድ መጥተው አይተው ሄዱ። ማክሰኞ ገመድ ይዘው መጡ።»

«እኛ መሬት ለኪ አይደለንም» አለ አፈወርቅ። «እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ።»

«ለኪም ይታመማል።»

ከዚያ ወደ ጌታነሽ ዞረ። «ደግሞ አንቺን አውቅሻለሁ። የገመድ ያዡ ሚስት ነሽ። እሱ ራሱ ይምጣና ምንም አንፈልግም ይበለኝ። የቀረውንም ይንገረኝ። ያን ቀን እሾሁን አነሳለሁ።»

ገመድ ያዡ እኔ ነኝ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ የግብርና ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ፤ መጻፍና መደመር ስለምችል ለኪዎቹ ይዘውኝ ወጡ። ገብረየሱስ የዚያን ዕለት ጠዋት ቤቱ ጠላ አጠጥቶኝ፣ ማሳው ከየትኛው ድንጋይ እንደሚጀምር በእጁ ነክቶ አሳይቶኝ ነበር። ልኬቱ የተጀመረው ግን ከሌላ ድንጋይ ነው። «ከዚያ አይደለም» ብሎ ጮኸ፤ የሰማው የለም። እኔን አየኝ። እኔ የገመዱን ጫፍ ወጥሬ ይዤ ቆምኩ፤ ምንም አልተናገርኩም። ቦይ የሚገባው፣ በበጋም የሚዘራው የማሳው ግማሽ ለሌላ ሰው ደረሰ። የደረሰው ሰው ምንም ጥፋት የለበትም።

ጌታነሽ የዚያን ቀን ማታ መጥታ እራት እንኳ ሳንበላ ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ሂድና አንድ ቃል ተናገር።»

«ምን ብዬ?»

«የምታውቀውን።»

እሺ አልኩ። አጨዳ ይለፍ አልኩ። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ ፋሲካ ይዋል አልኩ። ሦስተኛ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ በኋላ ደግማ አላነሳችውም። አንድን ነገር አራት ጊዜ የምትል ሰው አልነበረችም።

ወሬው ለአካባቢው ሊቀመንበር ለወዳጆ ደረሰና አስጠራት። በልጅነቱ እሷ የከተበችው ሰው ነው።

«እትዬ፣ አንድ ታጣቂ ልኬ እሾሁን በአንድ ቀን አስነሳልዎታለሁ» አላት። «ግን ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያለ ፈቃድ ሲሄድ ጥሩ አይደለም። ጠበል ልንሄድ ነው ይበሉኝና ልጻፈው።»

«ጠበል አንሄድም።»

«ለወረቀቱ ነው እንጂ።»

«ወረቀቱ ላይ መራመድ ብለህ ጻፍ።»

«መራመድ ምክንያት አይሆንም።»

«እንግዲያስ አትጻፍ። ታጣቂህንም አትላክ። በታጣቂ ካለፍን ሰውየው የጠረጠረን ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው።»

«ያለ ፈቃድ ከሄዳችሁ እኔ አላውቅም።»

«አንተ ባታውቅም እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብላው ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ እሾሁ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ወንዙ ውስጥ ገባች። ውሃው እስከ ጉልበት ነው፤ የመንዝ ውሃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለሚያውቅ አልናገርም። ማሳውን ሳትረግጥ አርባ እርምጃ ያህል በውሃው ሄዳ ከማሳው ወዲያ ወጣች። ሦስቱ ተመለሱ፤ አምስቱ ተከተሏት። በሳምንቱ ከተመለሱት ሁለቱ ገቡ። እንዲህ እያለች አምስት ዓመት ሄደች። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ብቻ እሾሁ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ከገብረየሱስ አጥር አንዲት እሾህ ነክታ አታውቅም፤ ሌላም ሰው እንዲነካ አልፈቀደችም።

ገብረየሱስ አንዳንድ ጊዜ ማሳው ላይ ቆሞ ያያቸዋል። አንድ ቀን ከውሃው ስትወጣ ጠየቃት።

«ብርዱ አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ?»

«ባሌ እስኪመጣ ነው» አለችው።

ይህንን ራሷ ነገረችኝ፤ እግሯን እሳት ዳር ዘርግታ፣ የቀኑን ወሬ እንደምትነግረኝ ሁሉ። እኔ እንጨት ጨመርኩ።

ገብረየሱስ ለቅሶ መጥቶ ነበር። ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆየና ሲነሳ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ስለ እሾሁ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ከአርባዋ በኋላ በመጣው እሑድ ሚኒባሱ ላይ ተሳፈርኩ። ድልድዩ ጋ ናሁሰናይ በሩን ዝም ብሎ ከፈተልኝ።

«ለምን አትጠራም?» አልኩት።

«ኧረ ጋሽ ተገኘ…»

«ጥራ እንጂ። ወራጅ አለ።»

ቀስ ብሎ ጠራ። ስምንት ሆነን ወረድን። እሾሁ ጋ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ገብረየሱስ ማሳው ላይ ነበር፤ አየኝ፣ አየሁት። አፌን ልከፍት አልኩና አርባውን እርምጃ ጨርሼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረሁም። ዘመዶቼ «አንተም ልትከተላት ነው ወይ» ይሉኛል። ወዳጆ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፈቃድ ያነሳል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፤ እሑድ እሄዳለሁ። ሁለት አዳዲስ ሰዎች ጨምረናል፤ አንዷ ወንዙ ገደላት ትል የነበረችው ጎረቤታችን ናት። መምጣት የፈለገ ከቅዳሴ በኋላ መናኸሪያው ይጠብቀን። ባዶ እጁን ይምጣ። ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቀው ካለ፣ የትም ይበል።

ይህን ስጽፍ ጌታነሽ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗል። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በውሃው ማለፍ አይቻልም። የገብረየሱስ ቤት ከእሾሁ በላይ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ማሳው የሚጀምርበት ድንጋይ የትኛው እንደሆነ አሁንም አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ሄጄ አልነገርኩትም።