መርጫ ከሚታጠብበት የተወሰደ አፈር

በሙንማ ላይ የደረሰውን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እዚህ ናን በተባለው ተራራማ አውራጃችን ውስጥ፣ ከእኔ የበቆሎ ተዳፋት ሥር ባለችው ማሳዋ ፎሶሊያ እያበቀለች ለሆስፒታሉ ማዕድ ቤት ታቀርብ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

ፀረ አረሙን እኛ «መድኃኒት» ነው የምንለው። ሻጩ ኢንታ «አፈር ሲነካ ይሞታል» እያለ ሃያ ዓመት አስረጨን። ቀጣፊ! ሆስፒታሉ የሙንማን ፎሶሊያ ቢያስመረምር መርዝ ተገኘበት።

ማሳችን ሲጎዳ ሁላችንም የምናደርገውን አደረገች። የበሰለ ሩዝ ቀርከሃ ውስጥ ጠቅጥቃ ጫካ ቀበረች፤ ሩዙ የአፈሩን ባክቴሪያ ሲይዝላት በሞላሰስ አራብታ መርዙን እንዲበላላት ማሳዋ ላይ ረጨች። ምንም አልረባትም፤ በሁለተኛው ምርመራም ወደቀች። አንድ ጊዜ ከደገመች ውሏ እንደሚሰረዝ ተነገራት።

ያኔ ሩዟን ይዛ መርጫችንን ወደምናጥብበት ወንዝ ዳር ወረደች። እዚያ ለዓመታት ሣር በቅሎ አያውቅም፤ ዘንድሮ ግን ለምልሟል።

«ምነው፣ ምሳሽን ቆሻሻ ላይ መቅበር ጀመርሽ?» አልኳት።

«ሳቅ አንተ! ይሄ ሣር የበቀለው መርዙን የሚበላለት ቢያገኝ ነው። የጫካው አፈር መርዝ መች ያውቃል? እኔ የምፈልገው የለመደውን ነው።»

ሩዙ የያዘላትንም እንደ ፊቱ አራብታ ረጨች፤ ክረምቱ አልፎ ፎሶሊያዋ ሲመረመር ንጹሕ ሆነ።

ኢንታ ይህን ሲሰማ የወንዝ ዳሩን አፈር በከረጢት አስጭኖ፣ በጥብጦ በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። ሙንማ ሱቁ ድረስ ሄደች።

«አክስቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት!» አላት ሰው ሁሉ እየሰማ። «እንግዲህ መድኃኒቱን እጥፍ መርጨት ነው፤ የእርስዎ ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል።»

«የማታፍር! ያቺን ትንሿን መርዝ ለመጨረስ እንኳ ክረምቱን ሙሉ ፈጅቶባቸዋል። ያራባኋቸው የተረፈውን እንዲበሉልኝ እንጂ አንተ እንድትጨምርባቸው መሰለህ?»

ሳቅንባት። እኔማ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁና ተዳፋቴ ላይ መድኃኒቱን እጥፍ ረጨሁ። በሳምንቱ ያለ ወቅቱ ዶፍ ጣለ፤ ጎርፉም ከእኔ ማሳ ወደ እሷ ወረደ።

አራተኛው ምርመራ መርዝ አገኘ። ውሏ ተሰረዘ።

ኢንታን ልሰድብ ለባብሼ ስወጣ ሙንማ ደጄ ላይ ቆማለች። ሆስፒታሉ የመለሰውን ፎሶሊያ ከነቅርጫቱ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«እንካ፣ ለልጆችህ ቀቅልላቸው። አፈር ሲነካ ይሞታል አይደል?» አለችኝ።