«ደህና ነኝ» የማያስታግሰው ህመም

ከደሴ ጠዋት ስነሳ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሆስፒታላችን በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች ስፌቱ አካባቢ የሚወጉ ሁለት ማደንዘዣዎችን፣ ሊዶኬይንንና ቡፒቫኬይንን፣ እያነጻጸረ ነው። ህመሙን የተሻለ ያስታገሰው ይቀጥላል፤ ካልተለያዩ ግን በቀላሉ የሚገኘው ይገዛል። እኔ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ማን የትኛውን እንደተወጋች ሳይነገረኝ፣ ቤታቸው የገቡትን እናቶች እየዞርኩ እጠይቃለሁ።

ሐይቅ

ሚኒባሱ «ሁለት ሰው ብቻ ቀረው!» እየተባለ ስንት ሰው እስኪጭን አስጠበቀን። ሐይቅ ወርጄ በባጃጅ ወደ ውሃው ዳር ሄድኩ። ከእናቶቹ አንዷ ዘሃራ ከአማቷ ጋር ተቀምጣለች።

«ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ህመሙ እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሲስተር።»

«ከባድ ነበር ወይስ ቀላል?»

«አልሐምዱሊላህ ነው። ደህና ነኝ።»

አማቷም «አብሽሪ፣ ደህና ናት» ብለው የተጠበሰ ዓሳ አቀረቡልኝ። ዓሳው ይጣፍጣል፤ መልሱ ግን ለመጠይቄ አይሆንም። ቀደም ሲል በስልክ የጠየቅኳቸው እናቶችም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ሁሉም ደህና ከሆኑ መድኃኒቶቹ በምን ይለያሉ?

አምባሰል

ከውጫሌ ወዲያ መኪና ስላጣሁ ዳገቱን በእግሬ፣ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። ሌላዋ እናት እታገኝ ገና ደጃፏ ሳልደርስ «ተመስገን፣ ምንም አልል!» አለችኝ። ትዕግሥቴ አለቀ። መጠይቁን ትቼ እንዲያው ለወግ ያህል «ልጅሽን መቼ አቀፍሽው?» አልኳት።

«ያኑ ዕለት ነዋ! ቁጭ ብዬ አጠባሁት።»

ሆዷ ገና ለተሰፋ ሴት ቁጭ ብሎ ማጥባት ቀላል አይደለም፤ ህመሟ ተግ ብሎላት ነበር ማለት ነው። ዘሃራን ይህን አልጠየቅኳትም።

እንደገና ሐይቅ

ስመለስ ሐይቅ ላይ «ወራጅ!» አልኩ። ረዳቱ «ደሴ ብለሽ አልነበር እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ዘሃራ ዘንድ ተመልሼ ያንኑ ጠየቅኳት። አማቷን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

«ሆስፒታል እያለሁ አላቀፍኳትም። ቀና ስል ሆዴ የሚቀደድ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ነበሩ ደረቴ ላይ የሚይዙልኝ።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወላሂ፣ ሲስተር! አላህ ሁለታችንንም በሰላም አውጥቶን በህመም ላማርር?»



ደሴ

ቤቴ የገባሁት ደክሞኝና ተናድጄ ነው፤ በሴቶቹ ሳይሆን በጥያቄያችን። «ህመሙ እንዴት ነበር?» ስንል ምስጋና እንጂ መልስ አናገኝም። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቀደም ሲል በስልክ «ደህና ነኝ» ካሉኝ እናቶች ለአንዷ ደወልኩ።

«ልጅሽን መቼ አቀፍሽው?» አልኳት።

 ማልቀስ ጀመረች። «ህመሙ መች አስችሎኝ፣ ሲስተር!» አለችኝ።